በፎርማሊን ውስጥ የሚቆይ ናሙና እና የካንሰር ምርመራ ውጤት

በጡት ካንሰር ለተያዘች ሕመምተኛ በሚታዘዘው መድኃኒት ላይ ተጽዕኖ ከሚያሳድሩ ጉዳዮች አንዱ፣ ከአካሏ የተወሰደው የሕብረ ሕዋስ ናሙና በፎርማሊን ውስጥ የቆየበት የሰዓት ብዛት ነው፡፡ ሰዓቱ ካነሰ ወይም ከመጠን በላይ ከረዘመ፣ በአንቲቦዲ የሚካሄደው የቀለም ምርመራ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ነገር እንደሌለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፡፡

ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በመባል የሚታወቀው ይህ ምርመራ፣ አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ በስሱ በተቆረጠ ናሙና ላይ በማድረግና ፕሮቲኑ ያለበትን ስፍራ በቀለም በማመልከት ይከናወናል፡፡ በጡት ካንሰር ረገድ በቅድሚያ የሚፈለጉት የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች እንዲሁም ሄር-ቱ የተባለው ፕሮቲን ናቸው፡፡ የኤስትሮጅን ተቀባይ የተገኘባት ሕመምተኛ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ፀረ ሆርሞን መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል፡፡ ውጤቱ በስህተት «የለም» ከተባለ ግን ይህ ዕድል ይቀርባታል፡፡

ፎርማሊን ለዚህ አገልግሎት መዋል የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ፈርዲናንድ ብሉም እ.ኤ.አ በ1893 ሕብረ ሕዋስን የማጽናት ባሕርዩን ካስታወቀ ወዲህ ነው፡፡ በስፋት የሚሠራበት 10 በመቶ ፎርማሊን 4 በመቶ ገደማ ፎርማልዲሃይድ ይይዛል፡፡ ፈሳሹ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ናሙናው ዘልቆ ይገባል ተብሎ ይገመታል፡፡ ይሁን እንጂ ዘልቆ መግባቱና ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ማስተሳሰሩ የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ ማስተሳሰሩ ረዘም ያሉ ሰዓታትን ይጠይቃል፡፡ በመርፌ የተወሰደ ቀጭን ናሙና ትንሽ በመሆኑ ፈጥኖ ይደርሳል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ስህተት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ያለ ጊዜው ከፎርማሊን የወጣ ናሙና በቀጣዩ የዝግጅት ሂደት አልኮል ውስጥ ስለሚገባ፣ ጠርዙ በፎርማሊን መሃሉ ደግሞ በአልኮል የጸና ይሆናል፡፡ በዚህ ጊዜ ጠርዙ ቀለም ይዞ መሃሉ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል፡፡ በአንጻሩ ከመጠን በላይ የቆየ ናሙና ትስስሩ ስለሚበዛ አንቲቦዲው የሚያርፍበት ስፍራ ይሸፈናል፡፡ እ.ኤ.አ በ1991 ይፋ የሆነው ናሙናውን በማሞቅ የተሸፈነውን የመግለጥ ዘዴ ይህንን ሁለተኛውን ችግር በእጅጉ አቃልሏል፡፡ የመጀመሪያውን ግን ማሞቅ አያድነውም፡፡

የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂስቶች ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2007 ለሄር-ቱ ምርመራ ባወጡት የጋራ መመሪያ ናሙናው ከ6 እስከ 48 ሰዓት በፎርማሊን እንዲቆይ ወስነው ነበር፡፡ ለሆርሞን ተቀባዮች እ.ኤ.አ በ2010፣ ለሄር-ቱም በ2013 ጣሪያው 72 ሰዓት ሆኗል፡፡ ናሙናው ከአካል ከወጣ በኋላ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት እንዳለበትም ተመልክቷል፡፡ የጣሪያው ከፍ ማለት ለሥራ ሰዓት አያያዝ ትርጉም አለው፡፡ ዓርብ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 64 ሰዓት ይሞላዋል፡፡ ናሙና ከከተማ ወደ ከተማ ሲላክ የመንገዱም ሰዓት ይቆጠራል፡፡

ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃ የተመረመረው በካናዳ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ክፍለ ሀገር ነው፡፡ በዚያ እ.ኤ.አ ከ1997 እስከ 2005 የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ የተደረገላቸው ከ1 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማን ናሙና ቶሮንቶ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ሲደገም፣ ከ380 በላይ የሚሆኑት ውጤት ተለውጧል፡፡ ከእነዚህ መካከል ከ100 የሚበልጡት ስህተቱ ይፋ ሲወጣ በሕይወት አልነበሩም፡፡ በዳኛ ማርጋሬት ካሜሮን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ በመጋቢት 2009 ነበር፡፡ ከተነሱት ጉድለቶች መካከል የናሙና አያያዝ፣ የቤተ ሙከራ የጥራት ቁጥጥር መላላትና ውጤቱን ለሕሙማን በወቅቱ አለማሳወቅ ይገኙበታል፡፡ ጥፋቱ በአንድ ማሽን ወይም በአንድ ባለሙያ ብቻ የሚላከክ አልነበረም፡፡

መመሪያዎቹ ናሙናው ከአካል የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፡፡ ይህ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ቅጽ ላይ ካልተሞላ፣ ፓቶሎጂስቱ የቆይታውን ጊዜ ከናሙናው ተመልክቶ በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም፡፡ የሚቀረው ማጣሪያ በዚያው ናሙና ላይ የሚገኘው ጤናማ የጡት ሕብረ ሕዋስ ነው፡፡ ጤናማው የጡት ቱቦ በተፈጥሮው የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ሕዋሳት ስላሉት ቀለም መያዝ ይጠበቅበታል፡፡ እርሱም ካልያዘ ውጤቱ «የለም» ተብሎ ሳይሆን «መተርጎም አይቻልም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ምርመራውም ይደገማል፡፡