ከባሕር የተረፈው ሰው ፎቶግራፍ በራያ ቆላ ታሪክ

የቆቦና የራያ ቆላ ከባሕር ጋር ባይዋሰንም፣ የአካባቢው ወጣቶች ከዞብል ተራራ ባሻገር ያለውን የአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያም በደላላ ጀልባ ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ መሄድን ከለመዱ ወዲህ፣ የቅርብ ዘመን ታሪኩ ያለ ቀይ ባሕር ሊጻፍ አይችልም። ሜዳው የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ጎርፍ የሚያጠጣው ማሽላ አብቃይ ቢሆንም፣ ዝናብ ሲያጥር አዝመራው ይከስማል፤ ለወጣቱ የሚተርፈው መሬትም ጠባብ ነው።

የራያ አካባቢ በዓለም ፊት በስፋት የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ባሰራጨው ዘገባ ሲሆን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የረኀብተኞችን ፊት ቀርጸው ነበር። ምስሎቹ ከፍተኛ እርዳታ አስገኝተዋል፤ ይሁን እንጂ በምስሎቹ የሚታዩት የአብዛኞቹ ሰዎች ስም ከፊታቸው ጋር አልተጻፈም፤ ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከጀልባ መስጠም የተረፈው ስደተኛ ምስል ከሚገኝባቸው ሰነዶች አንዱ ሊሴ ፓሴ ነው፤ ይህም ፓስፖርት የሌለው ዜጋ ወደ አገሩ እንዲገባ ኤምባሲ የሚሰጠው፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ሰነድ ነው። ጉርድ ፎቶው ሰውየውን ከደረቱ በላይ፣ በነጭ መደብ ፊት፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ያሳየዋል፤ ከኮረሙ ምስል በተለየም ስሙና የትውልድ ቦታው አብረው ተጽፈዋል፤ ስለ ጀልባዋና አብረውት ስለነበሩት ግን አንድም ቃል የለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ብዙዎች የተመለሱት በዚህ ዓይነት ወረቀት ነበር።

ከባሕር የማይተርፉም አሉ፤ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ የተገለበጠችው፣ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ከ68 በላይ ሰዎችን ገድላለች። አስከሬን በማይመጣበት በእንዲህ ያለ ሞት፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት በከተማ ፎቶ ቤት የተነሣው ጉርድ ፎቶ ለለቅሶ ይቀርባል። ስለዚህ የራያን ስደት የሚያጠና የታሪክ ጸሐፊ የተራፊውን ሊሴ ፓሴና በቤተሰብ እጅ የቀረውን ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ወረቀቱ የዘለለውን የባሕር ጉዞ ከተራፊው አንደበት መዝግቦ ሊያያይዝላቸው ይገባል።