ሁለት ድምፅ ማጉያና ሁለት ጆሮ፤ የቤት ሲኒማ ድምፅ አጭር ታሪክ

ለቤቱ የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፡፡ አንደኛው አምስት ድምፅ ማጉያዎችና አንድ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ያሉት፣ ሽቦው ክፍሉን ዞሮ እስከ ኋላው ግድግዳ የሚደርስ ነው፡፡ ሁለተኛው ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ማጉያዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በካርቶኑ ላይ «ቨርችዋል ሰራውንድ» የሚል ቃል ተጽፎበታል፡፡ ይኸውም በስተኋላ ምንም ዕቃ ሳይኖር ድምፁ ከኋላ እንደ መጣ ሆኖ ይሰማል ማለት ነው፡፡ አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም፡፡ እውነቱ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የሁለት ድምፅ መሥመር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል፤ ዛሬ ገዢው በሱቅ ውስጥ የሚወስነውን ጉዳይ መሐንዲሶች በየዘመናቸው ሲያመዛዝኑት ኖረዋልና፡፡

የነገሩ መነሻ ስልክ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ክሌማን አደር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ጠርዝ ላይ የስልክ ማይክሮፎኖችን ደርድሮ ትርዒቱን በሽቦ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አስተላለፈ፡፡ ጐብኚው በሁለት ጆሮዎቹ ላይ ሁለት ማዳመጫዎችን ይይዛል፤ እነዚህም በመድረኩ ግራና ቀኝ ከተተከሉ ሁለት የተለያዩ ማይክሮፎኖች ጋራ የተያያዙ ነበሩ፡፡ ከዚህም የተነሣ ዘፋኙ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ጐብኚው ዓይኑን ሳያስፈልገው በጆሮው ብቻ ሊከተለው ቻለ፡፡

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. በሰፊው ያብራራው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነው፡፡ ከጎን የሚመጣ ድምፅ ወደ ቅርቡ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱም ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰኮንድ ገደማ ነው፡፡ ቀጭን ድምፅ ሲሆን ደግሞ ጭንቅላት እንደ ጥላ ሆኖ ስለሚከልለው በሩቁ ጆሮ ዘንድ ደክሞ ይሰማል፡፡ ከፊትና ከኋላ፣ ከላይና ከታች የሚመጣውን ለመለየት ደግሞ የጆሮ ቅጠል እጥፋቶች ድምፁን በየአቅጣጫው ለየት አድርገው ይቀርጹታል፡፡ ሰው ያለው ሁለት ጆሮ ብቻ ሆኖ ሳለ ዙሪያውን ሁሉ መስማቱ ለኋለኞቹ መሐንዲሶች ተስፋ ሰጠ፤ ለሁለቱ ጆሮዎች ትክክለኛውን ድምፅ ማድረስ ከተቻለ ሁለት ማጉያ ለሁሉም ይበቃል የሚል ሐሳብ ተወለደ፡፡

በዚህ መንገድ ትልቁን እርምጃ የተራመደው የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ነው፡፡ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ ተዋናዩ በመጋረጃው አንድ ወገን ቆሞ ድምፁ ከሌላ ወገን መምጣቱ እንዳሳሰበው ይነገራል፡፡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ዓ.ም. ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ በአንድ የሸክላ ቦይ ሁለት የድምፅ መሥመሮችን መቅረጽን ጨምሮ ሰባ ነጥቦችን የያዘ ነበር፡፡ ብሉምላይን ሥራው ለሕዝብ ሲዳረስ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. የራዳር መሣሪያ ሲሞከርበት በነበረ አውሮፕላን ላይ እንዳለ በደረሰ አደጋ በ38 ዓመቱ ሞተ፡፡ የስቴሪዮ ሸክላ በገበያ ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ነው፡፡

በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ያዙ፡፡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በሃርቪ ፍሌቸር መሪነት፣ በፊላደልፊያ የሚጫወተውን ኦርኬስትራ በሦስት መሥመሮች ወደ ዋሽንግተን አስተላልፈው በኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ አሰሙ፡፡ ታዋቂው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ኦርኬስትራውን ለረዳቱ ትቶ ራሱ በዋሽንግተን የድምፁን መጠን ይቈጣጠር ነበር፡፡ ሦስተኛው መሥመር ያስፈለገው ለመካከል ነው፡፡ በሁለት ማጉያ መካከል የሚሰማው ድምፅ በእውነት በዚያ ስፍራ የለም፤ የሁለቱ እኩልነት የፈጠረው ነው፡፡ በመካከል ለተቀመጠ ሰው ይጸናል፤ በዳር ለተቀመጠ ግን ወደ ቅርቡ ማጉያ ይሸሻል፡፡ ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጆሮ አቅጣጫን የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ድምፅ ነውና፡፡ ስለሆነም ሲኒማ ቤቶች የቤል ላቦራቶሪን ፈለግ ተከተሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1940 ዓ.ም. ዋልት ዲስኒ «ፋንታዚያ» ለተባለው ፊልም ያዘጋጀው «ፋንታሳውንድ» ከመጋረጃው በስተኋላ ሦስት የድምፅ መሥመሮች ነበሩት፡፡ ወጪው ከባድ ስለነበረና ጦርነቱም ስለ ደረሰበት በጥቂት አዳራሾች ብቻ ተወስኖ ቀረ፡፡

እነሆ ሁለት መንገዶች ተለያዩ፤ አንዱ በአንድ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ሌላው ለጉባኤ፡፡ የዛሬው ባለ ሁለት ማጉያ መሣሪያ የመጀመሪያው መንገድ ልጅ ነው፡፡ የቅርብ አባቶቹም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ማንፍሬድ ሽሮደርና ቢሽኑ አታል ናቸው፡፡ እነዚህ ተመራማሪዎች የተጋፈጡት ችግር፣ በማዳመጫ ሲሆን የቀኙ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ብቻ ሲደርስ፣ በማጉያ ሲሆን ግን ወደ ግራው ጆሮም መሻገሩ ነው፡፡ መፍትሔያቸውም የግራው ማጉያ ያንን ተሻጋሪ ድምፅ በተቃራኒ ሞገድ እንዲሽረው፣ የሻሪውንም ተሻጋሪ ቀኙ መልሶ እንዲሽረው፣ እንዲህ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ማስላት ነበር፡፡ በዚሁ ዘዴ ሽሮደር በጀርመን አገር በጎቲንገን ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ የአውሮፓን የሙዚቃ አዳራሾች ድምፅ ማሚቶ በሌለበት ክፍል ውስጥ በሁለት ማጉያ እያሰማ አወዳደረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ታተመ፡፡

ያ ስሌት በላቦራቶሪ ሲሠራ አድማጩ አንድ ነበር፤ ጭንቅላቱንም ብዙ አያንቀሳቅስም፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ በሰኮንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፡፡ አድማጩ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል፣ ሊሽር የመጣው ሞገድ መሻሩን ትቶ ሊያጠናክር ይችላል፡፡ በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጃፓን ባልደረባቸው ጋራ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ሁለቱ ማጉያዎች እጅግ ሲቀራረቡ ይህ ጠባብ ስፍራ ሰፋ እንደሚል አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ በዚህ አቀማመጥ ወፍራሙን ድምፅ ለመቈጣጠር ብዙ ኀይል ያስፈልጋል፡፡ በተጨማሪም ስሌቱ የሚመሠረተው ብዙውን ጊዜ በአማካይ ጭንቅላት ላይ ነው፡፡ የጆሮ ቅጠል ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱ ከኋላ የሚሰማውን ሌላው ከፊት ሊሰማው ይችላል፡፡

የዙሪያ ድምፅ ከሲኒማ ወደ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በዶልቢ ሰራውንድ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. ፕሮ ሎጂክ ተከተለው፡፡ በ1992 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት የታየው ባለ አምስት መሥመርና አንድ የወፍራም ድምፅ መሥመር ዲጂታል ዘዴም በዲቪዲ አማካይነት ቤት ደረሰ፡፡ ስድስት ሣጥንና የሽቦ ጥቅል ሳሎኑን ሲያጣብቡ ግን ብዙ ቤተሰብ ተማረረ፡፡ የስሌት መሣሪያ ዋጋ በረከሰበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎች የሽሮደርንና የአታልን ሐሳብ በትንሽ ሣጥን አሽገው አቀረቡ፡፡ አንዳንዶቹም ድምፁን ወደ ጎን ግድግዳ ወርውረው በነጸብራቁ ይሠራሉ፡፡

እንግዲህ መራጩ መጠየቅ ያለበት የማጉያውን ቊጥር ሳይሆን የአድማጩን ቊጥር ነው፡፡ በጠባብ ክፍል ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋራ ፊልም ለሚመለከት ሰው ባለ ሁለት ማጉያው ገንዘብንም ቦታንም ይቈጥባል፡፡ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት እንደሚታየው ግን ወንበሮች ሦስቱን ግድግዳ ተከትለው በሚደረደሩበት፣ እንግዳና ቤተሰብ አብረው በሚቀመጡበት ሳሎን፣ ስሌቱ የሚሠራው በመካከል ላለው ሰው ነው፤ በዳር ያሉት ንግግሩን ከቅርባቸው ማጉያ ይሰሙታል፡፡ ብሉምላይንን በሲኒማ ቤት ያሳሰበው ነገር በዳሩ ወንበር ላይ ተመልሶ ይመጣል፡፡ ለእንዲህ ያለ ቤት ከኋላ ማጉያዎች ይልቅ የመካከለኛው ማጉያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ፊልም ያለ ጥይት ፉጨት ይታያል፣ ያለ ንግግር ግን አይታይም፡፡

በነጸብራቅ የሚሠራውም ቢሆን ግራና ቀኙ እኩል ግድግዳ ካላገኘ፣ አንዱ ወገን መጋረጃ ወይም ክፍት በር ከሆነ ይዛባል፡፡ ወፍራም ድምፅን በተመለከተም፣ በሰኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሞገዱ 3.4 ሜትር ስለሆነ ብዙ አየር ማንቀሳቀስን ይጠይቃል፤ ይህንን በመዳፍ የሚያዝ ማጉያ አይችለውም፡፡ ስለዚህ የወፍራም ድምፅ ሣጥኑ አብሮ መኖሩን ማረጋገጥ ያሻል፡፡

ከሁሉም በላይ ፈተናው ቀላል ነው፡፡ ሻጩ የሚያስቀምጠው በመካከለኛው ወንበር ላይ ነው፡፡ ገዢው ከዚያ ተነሥቶ በዳር ወንበር ይቀመጥና፣ ዙሪያ ድምፁን አንዴ አብርቶ አንዴ አጥፍቶ የሰው ንግግር ያዳምጥ፡፡ በዚያ ስፍራ ቃሉ ከተዋናዩ አፍ የሚወጣ መስሎ ከተሰማው ዕቃው ለቤተሰቡ ሁሉ ይሆናል፤ ካልመሰለው ግን የሚገዛው ለአንድ ወንበር መሆኑን ዐውቆ ይግዛ፡፡