ከሴን ምንጭ እስከ ግሽ ዓባይ

የፈረንሳዩ ሴን ወንዝ በሚፈልቅበት ቦታ በጥንት ዘመን ሴኳና የምትባል የኬልቶች እንስት አምላክ ትመለክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ ሕመምተኞች በስለት ያስገቧቸው፣ ከእንጨት የተቀረጹ እጆች፣ እግሮችና ራሶች ከዚያው ረግረጋማ ቦታ ወጥተዋል። አምላኪዎቿ ግን ጸሎታቸውን በዝርዝር ጽፈው አልተዉልንም። የአየርላንዷ እንስት አምላክ ብሪጂድም የምትታወቀው ክርስቲያን መነኮሳት በጻፉት ነው። እንግሊዛዊው ጄራልድ ጋርድነር በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ዊካ የተባለውን አዲስ እምነት ካስተዋወቀ ወዲህ እነዚህን አማልክት መልሰው የሚያመልኩ ምዕራባውያን በዝተዋል፤ ሆኖም ታሪክ ጸሐፊው ሮናልድ ኸተን እንዳሳየው ሥርዓታቸው በአብዛኛው የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። በእነሱ ዘንድ የአምልኮው ሰንሰለት መካከሉ ላይ ተቆርጧል። በጣና ዙሪያ ለውሃ የሚሰጠው ክብር ግን አልተቆረጠም፤ የተለወጠው ክብሩ የሚቀርብለት ነው።

ወደ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ የሚነሳው ሰከላ ውስጥ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። በ1620ዎቹ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ በዓመት አንዴ ላም ታርዳ ራሷ ወደ ምንጩ ይጣል እንደነበር ጽፏል። በ1770 ከቦታው የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዝርዝሩን ይነግረናል፦ የአካባቢው አገዎች ያልወለደች ጥቁር ጊደር ያርዳሉ፤ ራሷን ምንጩ ውስጥ ይነክራሉ፤ ከውስጥም ከውጭም በዚያው ውሃ በተረጨ በራሷ ቆዳ ይጠቀልሉታል፤ ሥጋውን እዚያው በጥሬው ይበላሉ፣ መጠጡም የምንጩ ውሃ ብቻ ነው። በጸሎታቸው ወንዙን አባት እያሉ ይጠሩት ነበር። ስለዚህ የሴኳናን እህት እዚህ መፈለግ አያስኬድም።

ብሩስ ግሪኮችንና ሮማውያንን ያነበበ ሰው ነውና ያየውን አስጊጦ ይሆናል የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ መሥዋዕቱን ከአንድ ኮከብ መውጣት ጋር ማያያዙን እኔም በጥንቃቄ ነው የማየው። ነገር ግን የላሟ ራስ ነገር ከእሱ መቶ ዓመት በፊት ተጽፏል። በባሕር ዳር ዳርቻ በደንገል ታንኳ የሚተዳደረው ነገደ ወይጦም፣ ዛሬ እስልምናን ቢከተልም፣ አቢናስ ለሚባል የዓባይ መንፈስ ይገብር እንደነበር የቃል ታሪኩ ይመሰክራል።

ሌላው ወገን ደግሞ የዛሬው የግሽ ዓባይ ጠበል የድሮው አምልኮ ሽፋን ነው ይላል። ይህን አልቀበልም። ምእመኑ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ምንጩ የሚቀርበው ወንዙን ሊያመልክ አይደለም፤ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሳይርሱ መልሰው እንደተቀበሉ ስለሚያምን ነው። ጥር 13 ቀን በዓሉ የሚነግሠውም በጻድቁ ስም ነው። ሥፍራው አንድ ነው፤ ጸሎቱ ሌላ ነው። በአንጻሩ የአገዎቹን መሥዋዕት ማንሳት የቦታውን ቅድስና ያጎድላል ብለው የሚሰጉ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ግን እንዲህ አልፈራችም፤ ገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱን ንጉሥ የሞተለሚን አምልኮ ሳይሸሽግ ተርኮታል። በብራና ያልሰፈረው የነገደ ወይጦ ትውስታ ነው፤ አዛውንቶቹ ሳያልፉ መቅዳት የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ፋንታ ነው።