የጃፓንና የጉራጌ ተረቶች፦ ለማን ተጻፉ?



«ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ከበደ ሚካኤል፣ በ«ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ የአገራችንን ሕፃናት ተረት አስነብበዋል። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ጃፓን ስትሠለጥን የአያቶቿን ተረት ምን አደረገችው?

ኢዋያ ሳዛናሚ የተባሉት ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1896 ድረስ የቆዩትን ተረቶች ለልጆች በሚስማማ ጃፓንኛ እያዘጋጁ በ24 ቅጽ አሳተሙ። የመጀመሪያው ከኮክ ፍሬ የተወለደው የሞሞታሮ ተረት ነው። ጃፓን ከቻይና ጋር የተዋጋችበት ዘመን ስለ ነበር፣ ሞሞታሮ የሚዘምትባቸው ጭራቆች በኢዋያ ብዕር ለንጉሠ ነገሥቱ የማይታዘዙ ጠላቶች ሆኑ። ተረት ሲጻፍ የጸሐፊው ዘመንም አብሮት ይገባል።

የጉራጌ ተረት ጉዞ ከዚህ ይለያል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት ስለ ሽነጋ መንደር የሚተርክ ልብ ወለድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት ነው። ሌስላው በ1982 ያሳተሙት የጉራጌ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ስብስብም የተዘጋጀው ለተመራማሪዎች ነበር። ሥራው ትልቅ ባለውለታችን ነው፤ ሆኖም ተረቱን ከአያቱ ለሚሰማው ልጅ አልተጻፈም።

እንግዲህ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አካባቢ ተረት የምትሰበስቡ ተማሪዎች ሁለት ሥራ ይጠብቃችኋል። በመጀመሪያ የተራኪውን ቃል በተነገረበት ቋንቋ ሳትለውጡ መዝግቡ። ቀጥሎም ከዚያው መዝገብ ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጁ። መዝገቡ ከተጠበቀ፣ የእኛ ዘመን በተረቱ ላይ የጨመረውን መጪው ትውልድ ለይቶ ያውቃል።