ነጻ ኮድ አጋዥ ሰው ይፈልጋል

የአዲስ አበባው የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር ሲዛወር መርካቶ ተወለደ፤ የጅምላ አትክልት ንግድ ግን በፒያሳው አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ቆይቶ በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተነሣ። ሜዳ ላይ ወርዶም ያልተቋረጠው ሻጩ፣ ደላላውና ተሸካሚው ስለሚተዋወቁ ነው። በአገራችን የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም የሚታይ ፕሮግራም፣ ታሪክ የጎደለው ይኸው መተዋወቅ ይመስለኛል። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1991 ለሁሉም ክፍት ቢያደርግም፣ በየአገሩ ከተሞች ሥር የሰደደው ተጠቃሚዎች ቡድን መሥርተው፣ ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው እየመጡ፣ የሚያውቀው ለማያውቀው ሲጭንለት ነው።

የፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የመግባት ጉዞ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ላይ የአማርኛ መጻፊያ የሠራ ሁሉ ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ እነ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ብዙ ከደከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ የዓለምን ፊደላት በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ የሚያሰባስበው መስፈርት፣ ለፊደላችን 345 ቦታ ሰጠ። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም እ.ኤ.አ. በ2009 መጫኛውን በአማርኛ አቀረበ።

ይህን የሠሩት በአብዛኛው ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸውና የሰፈር ቡድን ምን ይጨምራል የሚል ይኖራል። ግማሽ እውነት አለው፤ የፊደል ሠንጠረዥ ከሩቅም ይዘጋጃል። ነገር ግን ሠንጠረዡ ከወጣ በኋላም ብዙ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በእነ ቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት መጻፋቸውን ለዓመታት አልተዉም። አይፈረድባቸውም። ጸሐፊዋ ጣቷ የለመደውን የቁልፍ አቀማመጥ ትታ፣ የቆየ ፋይሏንም ለውጣ እንድትሸጋገር አጠገቧ ተቀምጦ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋታል፤ ይህን ደግሞ ኢሜይል አይሠራውም። የተቀዳ ዊንዶውስ በጥቂት ብር እየተገኘ የሊኑክስ ነጻ መሆን ምን ይፈይዳል የሚለው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል። ኪስን ብቻ ካሰብን፣ ብዙም አይፈይድም። ሆኖም የተቀዳው ሲበላሽ የሚጠየቀው ሻጩ ነው፤ እሱም ውስጡን አያውቀውም። ክፍቱ ኮድ ግን ይታያል፣ ይታረማል። ለማረም ደግሞ ችግሩን በዓይኑ ያየ የከተማው ልጅ ከማንም ይቀድማል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በራችሁን ክፈቱላቸው፣ የቆዩ ፋይሎቻቸውንም ወደ ዩኒኮድ በመለወጥ ጀምሩ።