የዋግ ማር፣ የሸገር ጠጅ እና ግሮሰሪ የሚባለው ነገር

ግሮሰሪ በፈረንጅ አገር ሽንኩርት፣ ሳሙናና ዱቄት የሚሸመትበት ሱቅ ነው። እኛ አገር ግን «ግሮሰሪ እንገናኝ» ያለዎት ሰው ሽንኩርት ሊገዛ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ሽንኩርቱን መንገድ ላይ ጥሎ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ ደረሰ። እንደሚመስለን ነገሩ እንዲህ ነው፤ በድሮዋ አዲስ አበባ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ ነጋዴ አይቡንም፣ የታሸገ ዓሣውንም፣ ወይኑንና ኮኛኩንም በአንድ ባንኮኒ ይሸጡ ነበር። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ «አንዷን እዚሁ ክፈትልኝ» ማለት ጀመረ፤ ቀስ በቀስ አይቡ ጠፋ፣ ባንኮኒው ቀረ።

ይህን ያነሳነው ስለ ሱፐርማርኬት ልናወራ ስለሆነ ነው። ሰሞኑን የውጭ ቸርቻሪዎች ይመጣሉ እየተባለ ብዙ ይወራል፤ ሱቆቻችንን ይውጧቸዋል የሚለውም አለ፣ ዋጋ ያረክሱልናል የሚለውም አለ። እኛ ግን ወሬውን ከሸገር ሳይሆን ከሰቆጣ መጀመር ፈለግን። ለምን ቢሉ፣ የዚህ አገር ትልቁ ወይን ከወይን ፍሬ ሳይሆን ከማር ነው የሚጣለው፤ ማር ካሉ ደግሞ ዋግን መዝለል አይቻልም።

ዋግ የአገው አገር ነው። የዛጉዌው ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፤ እናቱም ስሙን ከዚያ አወጣችለት ይላል ትውፊቱ። «ላል» በአገውኛ ከንብና ከማር ጋር የተያያዘ ቃል መሆኑን ሲተረጉሙት እንሰማለን። መንግሥት በ1270 እ.ኤ.አ. ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር፣ የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው «ዋግሹም» ተባሉ። ዋግሹም ተራ ሹም አልነበረም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር እንደነበረው ይነገራል። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ነግሦ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ግብር ያለ ጠጅ አይታሰብም። ማር ደግሞ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ ግብር ሆኖ የሚገባ፣ ከገበያ በፊት ቤተ መንግሥትን የሚያውቅ ሸቀጥ ነበር።

አሞሌውም የሰቆጣ ታሪክ ነው። ከአፋር ዝቅታ የተቆረጠው ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ሰቆጣ ከትልልቆቹ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨው ይዞ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ባዶ እጁን አይመለስም። እንግዲህ ሰቆጣን ዛሬ በዕርዳታ ዜና ብቻ ለሚያውቃት ወጣት ይህን መንገር ያስፈልጋል። በ1977ቱ ድርቅ ስሟ ተነሳ፤ በ2007 ዓ.ም ደግሞ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ጥሩ ነው። ግን ከተማዋ ከረሃብ በፊት ገበያ ነበረች።

ወደ ጠጁ እንመለስ። ጠጅ ለረጅም ዘመን የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ጭሰኛው ጠላውን ይጠጣል፣ ጌታው ጠጁን። ጠጅ ከአዳራሽ ወጥቶ በሳንቲም መሸጥ የጀመረው ከተማ ሲመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆረቆረች፤ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ባለጉዳዩ ጎረፈ፤ ጠጅ ቤትም ተከተለ። ኮማሪቷ ማሩን በውኃ በጥብጣ፣ ጌሾውን ጨምራ፣ በጋን ጠንስሳ፣ አጥልላ በብርሌ ታቀርባለች። ልብ በሉ፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ጠማቂዋም፣ አከፋፋይዋም፣ ቸርቻሪዋም አንዲት ሴት ናት። ትርፉ መንገድ ላይ አይንጠባጠብም። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ከገጠር የተሰደደች ሴት ልጅ የምታሳድገው በዚህ ነበር። ጠላ ቤቷም እንዲሁ፤ በረንዳዋ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች፣ ማስታወቂያዋ ያ ነው።

የጠርሙሱ ወይን ታሪክ አጭር ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ቡና ቤትና ባር አስለመደን፤ አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በ1936 ዓ.ም ተቋቋመ፤ ጉደርና አክሱሚት የሠርግ ጠረጴዛ ስም ሆኑ። ደርግ ፋብሪካውን ወረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ወይን ማለት አዋሽ ነበር፤ የሚመርጡት ጣፋጩን ወይስ ጣፋጭ ያልሆነውን ብቻ ነው። ፋብሪካው በ2005 ዓ.ም ገደማ ወደ ግል ዞረ፤ ከገዢዎቹ አንዱ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ያለበት ኤይት ማይልስ የተባለ ፈንድ ነው። (በ77ቱ ረሃብ ገንዘብ የሰበሰበልን ሰው ወይን ሊሸጥልን መጣ ብለው የቀለዱ ነበሩ፤ እኛም ሳንስቅ አልቀረንም።) የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን ወደ ገበያ አወጣ።

እነዚህ ጠርሙሶች መደርደሪያ ፈለጉ፤ መደርደሪያው ሱፐርማርኬት ሆነ። ባምቢስን፣ ፋንቱን፣ ሸዋን፣ ኩዊንስን የሸገር ሰው ያውቃቸዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሱፐርማርኬት ግሮሰሪን ገና አልገደለውም። ግሮሰሪ የሚሸጠው ጠርሙስ ብቻ አይደለማ! አንድ መለኪያ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ወሬ ይሸጣል። ዱቤ የሚያውቀው ባለ ግሮሰሪው እንጂ ካሸሯ አይደለችም።

በእንግሊዝ አገር የሆነውን ስናይ ልዩነቱ ይገባናል። እዚያ የመጠጥ ሱቁ ጠርሙስ ሸጦ የሚሸኝ እንጂ የሚያስቀምጥ አልነበረም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕጉ ላላ ሲል ሱፐርማርኬቶች ፈቃድ እያወጡ ገቡ፤ አምራቹ የችርቻሮ ዋጋ የሚወስንበት ሥርዓትም በ1964 በወጣ ሕግ ፈረሰ። ሱፐርማርኬት ወይኑን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከሥጋውና ከዳቦው ማካካስ ይችላል፤ ወይን ብቻ የሚሸጠው ሱቅ ከምኑ ያካክሳል? ትሬሸር የተባለውን ጨምሮ ከ1000 በላይ ሱቆች የነበሩት ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ወደቀ። የተረፉት ደንበኛቸውን በስም የሚያውቁ፣ የወይኑን አገር የሚተርኩ ትንንሾች ናቸው።

እኛ ጋ መጀመሪያ የተጎዳው ጠጅ ቤት ነው፤ የጎዳውም ሱፐርማርኬት ሳይሆን ሳጥን ነው። የቢራ ሳጥን። ጊዮርጊስ በ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብቻው ኖረ፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ፣ ዳሽን ጎንደር ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ተነሳ፣ ሃይነከን በ2011 በደሌንና ሐረርን ገዛ፣ ዲያጆ በ2012 ሜታን። ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ይሰጣል፣ ጃንጥላ ይሰጣል፣ ወንበር ይሰጣል። ኮማሪቷን ማን ማቀዝቀዣ ሰጣት? የጭነት መኪና በደረሰበት ሁሉ ሳጥኑ ደረሰ፤ ሰቆጣም ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለች አልቀረላትም።

«ታዲያ ጠጁ ራሱ ለምን ሱፐርማርኬት አይገባም?» የሚል አይጠፋም። መግባትስ በጠርሙስ ታሽጎ የገባ አለ። ችግሩ ጠጅ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ነው፤ ከተጣለ በኋላም መፍላቱን አያቆምም። ዛሬ ለጋ የነበረው ከሳምንት በኋላ ይከርራል፤ ሳይጣራና በሙቀት እርሾው ሳይገደል በጠርሙስ ከታፈነም ክዳኑን ያስፈነጥራል። ሱፐርማርኬት ደግሞ ዛሬም ከስድስት ወር በኋላም አንድ ዓይነት ጣዕም፣ የማለቂያ ቀን የተጻፈበት ወረቀት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ቫት ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ 15 በመቶ ነው። በሁለት ጋን የምትሠራ ሴት ይህን ሁሉ ከየት ታምጣ? ስለዚህ በር የሚከፈተው ለፋብሪካ ነው። ጣዕሙም እንደዚያው ይሆናል፤ ጌሾው ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይጨምራል፣ የሚያንቀው የድሮው ጠጅ የሽማግሌ ወግ ሆኖ ይቀራል።

የዋግ ገበሬ ከዚህ ሁሉ የት ነው ያለው? ከሰንሰለቱ መጨረሻ፤ ወይም እንደ አያያዛችሁ ከመጀመሪያው። ክረምቱ ሲወጣ ተራራው በአበባ ይሸፈናል፤ ማሩ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። የሰቆጣ ነጭ ማር የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ስትሆን ከምርቱ አብዛኛው የሚሄደው ለጠጅ ነው። ለጠጅ ሲሆን ነጋዴው ሰፈፉን ከነማሩ፣ ድፍርሱን ከጥሩው ቀላቅሎ ይገዛል፤ ነጭ ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም፣ ጋን ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል! ስለዚህ እዚህ ላይ ሱፐርማርኬትን ልናመሰግነው ይገባል። ማርን በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ መብራት ሥር ሲደረድረው መልኩ ዋጋ አገኘ። ነጩ ማር ከጋን አምልጦ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ግን የማን ማር ሆኖ? ወረቀቱ ላይ በአብዛኛው የምናነበው «ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» የሚል ነው፤ ከዚያ የአሻጊው ስልክ። አገሩ የለም። የውቅሮ ነጭ ማርና የወንጪ ማር ስሎው ፉድ በተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በአገራቸው ስም ተመዝግበው ይታወቃሉ። ቡናችንም በይርጋ ጨፌ፣ በሲዳሞና በሐረር ስም የተነሳው ሙግት በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ሲቋጭ ስም ገንዘብ መሆኑን አይተናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም ችርቻሮን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ትልልቆቹ ቸርቻሪዎች ሲመጡ የሚገዙት በቶን ነው፣ የሚጠይቁትም የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ዋግ በበኩሏ ገና ከጦርነቱ አላገገመችም፤ ከአበርገሌ የተፈናቀለው ገበሬ ቀፎውን ተሸክሞ አልወጣም። ሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ባለሙያዎቹም ንብ ላይ ይሠራሉ። የጎደለው አሻጊና ስም ነው። ማኅበራት ሰቆጣ ላይ አጣርተው፣ መዝነው፣ «የዋግ ማር» ብለው አሽገው ቢልኩ መደርደሪያው እንቢ የሚልበት ምክንያት አይታየንም። ያ ካልሆነ ማሩ እንደ ወትሮው በጀሪካን ወደ ወልዲያ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ሸገር፤ ግማሹ ጋን ውስጥ፣ ግማሹ ስም በሌለው ብርጭቆ።