አጋፋሪውና እንግዳው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የመጫን ጥንተ ታሪክ

ዕቃውን ከየሱቁ ለቅሞ፣ ማዘርቦርዱን በኬዙ ውስጥ አስሮ፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በየቦታቸው አግብቶ ማብሪያውን የተጫነ ሰው፣ ፋኑ ሲዞርና ስክሪኑ ሲበራ ድካሙ የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጫን በጀመረ ጊዜ መጫኛው ከመንገድ ላይ ሲቆምበት፣ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ወይ የሸጠለትን ነጋዴ ወይም የገዛ እጁን ነው። ጥርጣሬው አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የላላ ገመድም የተበላሸ ዕቃም ሞልቷልና። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ መጫኛው ሲጻፍ ይህ ማሽን ገና ስላልተፈጠረ፣ ወደማያውቀው ቤት የመጣ እንግዳ መንገዱ ቢጠፋው አያስደንቅም።

ነገሩ ከግል ኮምፒውተር ልደት ጋር እኩያ ነው። በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ኩባንያ አልቴር 8800 የተሰኘውን ኮምፒውተር ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በየክፍሉ መሸጥ ሲጀምር፣ ማሽኑ ኪቦርድም ስክሪንም አልነበረውም፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ያወቀውን ሁሉ የሚረሳ፣ ሲመለስለትም አንዳች የማያውቅ ስለ ነበረ፣ ባለቤቱ በፊት ገጹ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ማብሪያዎች አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እያደረገ፣ የአንዱን ባይት ስምንት ቢቶች አሰናድቶ ካስቀመጠ በኋላ ለሚቀጥለውም እንዲሁ እያደረገ፣ አንዲት አጭር መቅድም በጣቱ ይጽፍለት ነበር። የዚያች መቅድም ተግባር ዋናውን ፕሮግራም ከተበሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ማንበብ ብቻ ነበር። ፖል አለን ከቢል ጌትስ ጋር ያዘጋጀውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ለሚትስ ሊያሳይ ወደ አልበከርኪ ሲበር፣ ይህች መቅድም ጨርሶ እንዳልተጻፈች ትዝ ያለው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲያዘቀዝቅ ስለ ነበረ፣ እዚያው መቀመጫው ላይ ሆኖ ጻፋት፤ በማሽኑም ላይ ስትሞከር ሠራች። ባትሠራ ኖሮ፣ ማሽኑ ዝም ከማለት በቀር ስሕተቱ የት እንዳለ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም።

ጋሪ ኪልዳል ሲፒኤም የተባለውን ሲስተም በጻፈ ጊዜ፣ ከማሽን ማሽን የሚለያየውን ክፍል ለብቻው ለይቶ ባዮስ ብሎ ሰየመው፤ አይቢኤምም በነሐሴ 1981 ባወጣው ፒሲ ላይ የራሱን ባዮስ በማይጠፋ ሮም ውስጥ አኖረው። ባዮስ በቤተ መንግሥት ደጃፍ የቆመ አጋፋሪ ማለት ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ አካላቱን ይመረምራል፣ ሃርድ ዲስክ ከመጣ ወዲህም የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ፣ በመጨረሻው ላይ 55ኤኤ የተባለውን ማኅተም ሲያገኝ እንግዳውን እጁን ይዞ ያስገባዋል። ኮምፓክና ፊኒክስ የተባሉት ኩባንያዎች የአይቢኤምን ጽሑፍ ሳይገለብጡ ጠባዩን ብቻ የሚመስል ባዮስ ስላሰናዱ፣ ከየትም የተለቀመ ዕቃ ገጣጥሞ የአይቢኤም ፒሲ ይሠራበት የነበረውን ያንኑ ዶስ የተባለ ሲስተም መጫን ተቻለ።

ዶስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው ዘወትር በአጋፋሪው በኩል ስለ ነበረ፣ ዲስክ ጠፋኝ የሚልበት ጊዜ ብርቅ ነበር። ዊንዶውስ ኤንቲና ሊኑክስ ግን ከገቡ በኋላ አጋፋሪውን አሰናብተው ድራይቨር በተባለ የራሳቸው አነጋጋሪ ፕሮግራም ከዕቃው ጋር መነጋገርን መረጡ፤ ፍጥነቱ ከዚህ ተገኘ፣ መከራውም ከዚህ ተወለደ።

የመከራው ዋና ዘመን የዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ሳታ የሚባለው የዲስክ ማገናኛ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር፤ ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳታው በኤኤችሲአይ ስልት የተሰናዳ ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ሲዲውን ሲያስገባ፣ በባዮሱ መሪነት ሰማያዊው ገጽ በደኅና ይከፈታል፤ ከግርጌው ኤፍ6ን ተጫን የምትል አንዲት መስመር ለጥቂት ሴኮንድ ታይታ ታልፋለች፤ እርስዋ ካመለጠችው መጫኛው ሃርድ ዲስክ የለም ብሎ ይቆማል። ብትያዝም ነገሩ አላለቀም፤ መጫኛው በዚያ ሰዓት ድራይቨር የሚቀበለው ከፍሎፒ ስለ ነበረ፣ የፍሎፒ ማንበቢያ ከአዳዲስ ማሽኖች እየጠፋ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ባለሙያው ለዚህች ጉዳይ ሲል አሮጌ ማንበቢያ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ኬዙን ከፍቶ፣ ያን ሰፊ ገመድ ይሰካ ነበር። ሌላው ደግሞ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤኤችሲአዩን አይዲኢ በተባለው አሮጌ ስልት ለውጦ ይጭናል፤ ከጫነ በኋላ ወደ ቦታው ልመልሰው ሲል ግን፣ 7ቢ የሚል ቁጥር የያዘ ሰማያዊ ገጽ ይጠብቀዋል።

ባዮስም በተራው አረጀ። የዲስኩን ክፍፍል የሚመዘግበው የ64 ባይት ሰሌዳ ከአራት ክፍል በላይ የማይጽፍ፣ ቁጥሩም ከ2 ቴራባይት ገደማ የማያልፍ ስለ ነበረ፣ ኢንቴል ኢታኒየም ለተባለው ፕሮሰሰሩ ያሰናዳው ኢኤፍአይ በ2005 በተቋቋመው ማኅበር እጅ ዩኢኤፍአይ ተብሎ፣ ጂፒቲ ከሚባል ሰፊ መዝገብ ጋር ተተካ። አሮጌውና አዲሱ ለረጅም ዘመን በአንድ ማዘርቦርድ ላይ አብረው ስለ ኖሩ፣ መጫኛውን የያዘው ያው አንዱ ፍላሽ በመነሻው ምርጫ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይታያል፤ በአሮጌው ስም የተነሣው የዊንዶውስ መጫኛ ጂፒቲ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል፣ በአዲሱ ስም የተነሣውም አሮጌውን ሰሌዳ አይቀበልም። መልእክቱን ሳያስተውል ደኅና ዲስክ ለሻጩ የመለሰ ጀማሪ ስንት ይሆን! በ2015 የወጡት፣ ለኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች የተሠሩት ማዘርቦርዶች ደግሞ አሮጌውን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ስላስቀሩ፣ የ2009ኙ ዊንዶውስ 7ም የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ስላልነበረው፣ ባዮስ ውስጥ ሲታዘዝ የቆየው ኪቦርድ መጫኛው ቋንቋ ምረጥ በሚልበት ገጽ ላይ ድርቅ ይል ነበር። ዊንዶውስ 11 በ2021 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ካላየሁ አልጫንም ማለቱ ግን ከዚህ ዘር አይደለም፤ እርሱ በፈቃድ የተደረገ እምቢታ ነውና ለብቻው ይታያል።

ኢንቴል በ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ቪኤምዲ የተባለውን የዲስክ መቆጣጠሪያ ለተራው ገዢ ካደረሰ ወዲህ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ከፋብሪካው በርቶ ስለሚመጣ የኤክስፒ ዘመን ነገር ተደገመ፤ ዲስኩ በባዮሱ ገጽ ላይ ስሙና መጠኑ ተጽፎ ይታያል፣ በመጫኛው ዝርዝር ግን የለም። የፍሎፒውን ቦታ ፍላሽ ወርሶታል፤ ድራይቨሩን ከአምራቹ አውርዶ፣ ዚፑን ፈትቶ፣ ፎልደሩን በዚያው ፍላሽ ላይ አኑሮ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን መጫን ይበቃል። ብዙዎች ግን ቪኤምዲውን ከባዮሱ ማጥፋት ይቀናቸዋል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ሰው ነውር የለውም። ብቻ ባዮሱ ሲታደስ ወይም የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲለወጥ ቪኤምዲው ተመልሶ ሊበራ ስለሚችል፣ ደኅና ሲሠራ የከረመ ዊንዶውስ ድንገት አልነሣ ቢል፣ ዲስኩን ፎርማት ለማድረግ ከመቸኰል በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ይህንኑ ማየት ይገባል።